የማያ ሕዝብና በቤቱ ያደሩ እንግዶች



ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሻይ ይዞ ሲጨዋወት፥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ወደ እኔ ቀረበች። የማዳሟ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከክፍል ጓደኞቿና ከመምህራቸው ጋር ጓቲማላ ወደምትባል ሩቅ አገር ሄዳ፥ ማያ በሚባሉ ሰዎች ቤት ሁለት ሳምንት አድራ ተመልሳለች። የሄዱበት ምክንያት ባህላቸውንና የዕለት ኑሯቸውን ለማየት ነው። ልጅቱ በስልኳ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች ለእኅታችን አሳየቻት። በአንዱ ላይ ተንበርክካ በድንጋይ ወፍጮ በቆሎ ትፈጫለች፤ በሌላው ከአንዲት አሮጊት ጎን ቆማ ከምጣድ ላይ ቂጣ ታነሣለች።

«አባ፥ ለመፍጨት እኮ ገንዘብ ከፍላ ነው የሄደችው!» አለችኝ እኅታችን። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «የዚያችን አሮጊት ስም ታውቃለች። የመንደሯን ስም ታውቃለች። ሁለቱ ልጆቿ ወደ አሜሪካ ተሰደው ገንዘብ እንደሚልኩላት እንኳ ነገረችኝ። እኔ እዚያ ቤት አራተኛ ዓመቴ ነው፤ የእኔን መንደር ግን…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ከዚያም «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ።

በዚያ ሰዓት የሰጠኋት መልስ አጭርና ደካማ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእርስዋም ለእናንተም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ራሴ በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ማያ የተማርሁት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። በዚያ ግማሽ ገጽ ውስጥ ማያ «የጠፋ ሥልጣኔ» ነበር፤ ደን የዋጣቸው ፒራሚዶች፥ የተተዉ ከተሞች፥ ከዚያ በኋላ ዝምታ። ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ማያዎች አልጠፉም። ከሜክሲኮ ደቡብ፥ ከዩካታንና ከቺያፓስ ጀምሮ በጓቲማላና በቤሊዝ አልፎ እስከ ሆንዱራስ ምዕራብ ድረስ ይኖራሉ። በ2018 በተደረገው የጓቲማላ የሕዝብ ቆጠራ ማያ ነን ያሉት ከ6 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ከሀገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አርባ ሁለት እጅ ያህሉ ማለት ነው። ቋንቋቸውም አንድ አይደለም። በጓቲማላ ብቻ 22 የማያ ቋንቋዎች በሕግ የታወቁ ናቸው፤ ቂቼ፥ ማም፥ ካክቺኬል፥ ጹቱኺልና ሌሎችም። በእነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ እኛ ቀ፥ ጠ፥ ጨ፥ ጸ ብለን ያለ ችግር የምንጠራቸው ዓይነት ፈንጂ ድምፆች አሉ። ለስፔናውያን ግን እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበሩ፥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንሲስኮ ዴ ላ ፓራ የተባለ ፍራንቸስካዊ መነኩሴ አዳዲስ ፊደላትን መፍጠር ግድ ሆነበት።

ስለ ፍርስራሾቹ ብዙ አልልም፤ ጎብኚ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እነርሱ ነውና። ቲካል፥ ፓሌንኬ፥ ኮፓን የተባሉት ከተሞች ከ250 እስከ 900 ዓ.ም. ባለው ዘመን የደመቁ ነበሩ። የማያ ሊቃውንት ዜሮን ያውቁ ነበር፤ ቁጥራቸውም በአሥር ሳይሆን በሃያ የሚሄድ ነበር። በቺቼን ኢትሳ ያለው ትልቁ ፒራሚድ በአራቱም ጎኑ 91፣ 91 ደረጃ አለው፤ የላይኛው መድረክ ሲጨመር 365 ይሆናል። የዘመን አቆጣጠራቸውን ሳነብ ግን ፈገግ አልሁ። ዓመቱን እያንዳንዳቸው 20 ቀን ባላቸው 18 ወራት ከፍለው፥ የተረፉትን 5 ቀናት በዓመቱ መጨረሻ ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል። ጳጉሜን ላለን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እነርሱ በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ቀን አይጨምሩም፤ አምስቱንም ቀናት በፍርሃት ያሳልፏቸው ነበር። ከዚህ ሌላ 260 ቀን ያለው የተቀደሰ ቆጠራ አላቸው፤ በጓቲማላ ደጋ ያሉ የቀን ጠባቂዎች ይህን እስከ ዛሬ ይቆጥሩታል።

አሁን ተማሪዋ ወደ ቆመችበት ማእድ ቤት እንግባ።

በማያ ቤት ቀኑ የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ ነው። ሴቲቱ ደረቁን በቆሎ ኖራ በተጨመረበት ውኃ ቀቅላ ታሳድረዋለች። ጠዋት ቅርፊቱ ይላቀቃል፤ አጥባ በወፍጮ ድንጋይ ላይ በመጅ ትፈጨዋለች፤ ዛሬ በብዙ መንደር የሞተር ወፍጮ ስላለ ልጆች በባልዲ ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ሊጡን በመዳፏ እያጨበጨበች ክብ ታደርግና ኮማል በሚሉት ምጣድ ላይ ትጥላለች። ቶርቲያ የሚባለው ቂጣ ይህ ነው። ያለ እርሱ የማያ ገበታ ገበታ አይደለም፤ የቀረው ቦሎቄም ይሁን ዱባ ወይም ቃሪያ ከእርሱ ጋር የሚበላ ነው። በማሳውም እነዚሁ አብረው ይበቅላሉ፤ ቦሎቄው በበቆሎው አገዳ ላይ ይጠመጠማል፥ የዱባው ቅጠል መሬቱን ይሸፍናል።

ኖራው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ለማለስለስ ብቻ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ቆም እንድትሉልኝ እለምናችኋለሁ፤ ታሪኩ ሁሉ በዚህች በኖራ ውስጥ ያለ ይመስለኛልና። በቆሎ ውስጥ ለሰውነት እጅግ የሚያስፈልግ ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን አለ፤ ሆኖም የታሰረ ስለ ሆነ ሆዳችን ሊያወጣው አይችልም። ኖራው ይፈታዋል። አውሮፓውያን ከ1492 በኋላ የበቆሎን ዘር ወስደው በአገራቸው ዘሩት፤ ከዚያም ወደ አፍሪካ ተሻገረና የእኛም ገበሬ ዛሬ የሚያመርተው ሆነ። ዘሩን ወሰዱ፤ ሴቲቱን ግን ለምን በኖራ እንደምትቀቅለው አልጠየቋትም። ከዚያም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በስፔንና በጣሊያን ከበቆሎ በቀር ሌላ የሌላቸው ድኾች ፔላግራ በተባለ በሽታ ቆዳቸው ይላጥ፥ ሆዳቸው ይታመም፥ አእምሯቸው ይናወጥ ጀመር። ምክንያቱ በእርግጠኝነት የታወቀው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ማንበብና መጻፍ የማትችል አንዲት የመንደር ሴት በየማታው የምታደርገውን ነገር ሊቃውንቱ ሳያውቁት ሁለት መቶ ዓመት አለፈ።

ወደ ማያ ቤት ከገቡት እንግዶች መካከል አንዳንዶቹ ጠያቂዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ መጠየቅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የሚያሳየን ሰው የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ ፍራንቸስካዊው ዲዬጎ ዴ ላንዳ። በ1549 በ25 ዓመቱ ገደማ ወደ ዩካታን መጣ፤ ቋንቋውን ተማረ፤ በእግሩ ከመንደር መንደር ዞረ። ሰዎቹም ወደዱት፤ በልጥ ወረቀት ላይ የተሳሉትን የተከበሩ መጻሕፍታቸውን እንኳ አሳዩት። በ1562 ግን የተጠመቁ ሰዎች በስውር ለጣዖት ይሠዋሉ የሚል ወሬ ሲሰማ ምርመራ ከፈተ። ከ4,500 በላይ ሰዎች ተገረፉና ተሰቀሉ፥ ውኃም በግድ ተጋቱ፤ ከ150 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ሐምሌ 12 ቀን በማኒ ከተማ አደባባይ ምስሎቹንና መጻሕፍቱን በእሳት አቃጠለ። ሕዝቡ እጅግ እንዳዘነና እንዳለቀሰ ራሱ ጽፎታል፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ግን የገባው አይመስልም። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት የማያ ጥንታውያን መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው።

ካህን ሆኜ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። ደግሞም ሊነገር የሚገባው፥ ላንዳን ያስቆመው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ በዚያው ዓመት የመጡት ጳጳስ ፍራንሲስኮ ዴ ቶራል እስረኞቹን ፈትተው ላንዳ በስፔን እንዲጠየቅ አደረጉ። በዚያ ግን ነጻ ወጣ፤ በ1573ም እርሱ ራሱ ጳጳስ ሆኖ ተመለሰ።

ላንዳ በስፔን ሳለ ስለ ማያ ኑሮ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ስለ አመጋገባቸው፥ ስለ ልብሳቸው፥ ስለ ጋብቻቸው፥ ስለ ዘመን አቆጣጠራቸው ዛሬ ከምናውቀው ብዙው ከዚያ የተገኘ ነው። አጥፊውና መዝጋቢው አንድ ሰው መሆኑ ያስደንቃል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የማያ «ፊደል» ብሎ ያሰፈረው ነገር አለ። አንድ የማያ ባላባት አስቀምጦ የስፓንኛ ፊደላትን እየጠራ፥ በእናንተ እንዴት ይጻፋል? ይለው ነበር። ላንዳ በስፓንኛ የፊደል ስም «ቤ» ሲል፥ ባላባቱ «ቤ» የሚለውን ድምፅ ምልክት ይጽፍለታል። ላንዳ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ብቻ እንደ ላቲን ፊደል መስሎታል። ሀ ሁ ብለን ላደግን ለእኛ ግን ነገሩ ወዲያው ይገባናል፤ የባላባቱ ጽሕፈት ድምፅን ከአናባቢው ጋር አጣምሮ የሚይዝ ነበር። በመጨረሻ ላንዳ የፈለግኸውን ዓረፍተ ነገር ጻፍ ቢለው፥ ሰውዬው «ማ ኢን ካቲ» ብሎ ጻፈ፤ «አልፈልግም» ማለት ነው። ላንዳም በመጽሐፉ እንዳለ ገለበጠው።

ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል መጽሐፉ ተረስቶ ከቆየ በኋላ፥ ፈረንሳዊው ካህን ብራሰር ደ ቡርቡር በ1862 ቅጂውን በማድሪድ አገኘው። ሊቃውንቱ ግን ፊደሉን ከንቱ ነው ብለው ጣሉት። በ1952 በሌኒንግራድ የሚኖር ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ምልክቶቹ እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አብረው የሚይዙ መሆናቸውን አስረዳ፤ የተዘጋው በርም ከዚያ ይከፈት ጀመር። ክኖሮዞቭ ያን ጊዜ የማያን ምድር በዓይኑ አላየም፤ ጓቲማላን የረገጠው ገና በ1990 ነው። የዚያ እንቢ ያለ ባላባት ቃል ከተቃጠሉት መጻሕፍት ተርፎ ለአባቶቹ ጽሑፍ መፍቻ ሆነ።

ሌላው እንግዳ ዶሚኒካዊው ፍራንሲስኮ ሂሜኔስ ነው። ከ1701 እስከ 1703 ቺቺካስቴናንጎ በምትባል የደጋ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ ነበር። ቂቼን፥ ካክቺኬልንና ጹቱኺልን አጥንቶ የሦስቱንም መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ነው። የመንደሩ ሰዎች አንድ የተሸሸገ መጽሐፍ አሳዩት። የቂቼ መሳፍንት በ1550ዎቹ በላቲን ፊደል፥ በገዛ ቋንቋቸው የጻፉት ነበር፤ ስሙም «ፖፖል ቩህ» ይባላል። ላንዳን እንዳመኑት እርሱንም አመኑት። ሂሜኔስም የዘመኑ ሰው ነበር፤ በመጽሐፉ ያለውን ብዙውን ነገር እንደ ስሕተት ይቆጥረው ነበር። ነገር ግን ተቀምጦ በአንድ ዓምድ ቂቼውን በሌላው ዓምድ የስፓንኛውን ትርጉም አድርጎ ቀዳው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ጠፍቷል። የሂሜኔስ ቅጂ ግን ዛሬ በቺካጎ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ስለ ማያ አፈጣጠር ከሚነገረው ብዙው የሚመጣው ከእርሱ ነው።

በዚያ መጽሐፍ መሠረት ፈጣሪዎች ሰውን መጀመሪያ ከጭቃ ሠሩት፤ ፈረሰ። ከእንጨት ሠሩት፤ ቆመ፥ ተናገረ፥ ተባዛም፤ ልብ ግን አልነበረውም፥ የሠራውንም አላስታወሰም። የእንጨቶቹ ሰዎች እንዴት እንደ ጠፉ ኋላ እመለስበታለሁ። በመጨረሻ አያት እሽሙካኔ ቢጫና ነጭ በቆሎ ዘጠኝ ጊዜ ፈጨች፤ ከሊጡም የዛሬዎቹ ሰዎች ተሠሩ። እንግዲህ ተማሪዋ ተንበርክካ የፈጨችው እህል ለዚያች አሮጊት የሰው ሥጋ የተሠራበት ነገር ነው።

ስለ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ዶሚኒካዊ ነበር፤ በ1537 በሰይፍ ሊገዛ ያልቻለውን፥ «የጦርነት ምድር» የተባለውን የጓቲማላ ክፍል፥ ለአምስት ዓመት አንድም የስፔን ወታደር ወይም ሰፋሪ እንዳይገባ ከገዢው ጋር ተዋውሎ በቃል ብቻ ሊደርሰው ተነሣ። አገሩ እስከ ዛሬ «ቬራፓስ»፥ እውነተኛ ሰላም፥ ይባላል። በኋላም የቺያፓስ ጳጳስ ሆነ። እኛ አፍሪካውያን ግን ስሙን ስንጠራ አንድ ነገር መዝለል አንችልም፤ የነባሮቹን ሸክም ለማቅለል ብሎ አፍሪካውያን ባሪያዎች እንዲመጡ ሐሳብ ያቀረበበት ጊዜ ነበር። ኋላ ተጸጸተበት፤ ጸጸቱንም በጽሑፍ አስቀመጠው።

አንዱ እንግዳ ደግሞ ሰው አይደለም፤ ከእኛው ደጅ የወጣ ተክል ነው። ቡና በጓቲማላ ዋነኛ ንግድ የሆነው በ1870ዎቹ ነው። ለቡና የሚስማማው መሬት የማያ መንደሮች በጋራ የያዙት ነበረ፤ ብዙው ተወሰደ። ለቀማው ደግሞ እጅ ይፈልጋል። በ1877 በፕሬዚዳንት ኹስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ ዘመን የወጣው ሕግ፥ ባለ እርሻው በጠየቀ ጊዜ መንደሮች ሠራተኛ እንዲሰጡ የሚያስገድደውን ሥርዓት አጸናው። በ1934 ሌላ ሕግ መጣ፤ በቂ መሬት የሌለው ሰው በዓመት ከ100 እስከ 150 ቀን በሌላ ሰው እርሻ የመሥራት ግዴታ ነበረበት፥ የሠራበትም ቀን የተጻፈበትን ደብተር በኪሱ መያዝ ነበረበት። ደብተሩ ያልሞላ ሰው ሥራ ፈት ተብሎ ይቀጣል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1944ቱ ለውጥ በኋላ ነው። ወረቀቱ በሰው እጅ ያለ፥ ወረቀት ስለሌለው በመንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን እንደሚሰማው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ ቡና አፍልተን፥ ዕጣን አጢሰን ጎረቤት የምንጠራበት ፍሬ በዚያ አገር በግዴታ ይለቀም ነበር።

ከ1960 እስከ 1996 የቆየው የጓቲማላ የእርስ በርስ ጦርነት ከሁሉ የከፋው ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተደገፈው አጣሪ ኮሚሽን በ1999 እንዳስታወቀው፥ የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋው ከ200,000 በላይ ሲሆኑ፥ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች ከመቶ ሰማንያ ሦስት እጁ ማያዎች ነበሩ። ማያ መሆን ብቻውን ለጥርጣሬ ይበቃ ነበር። ካቴኪስት መሆን ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነበር፤ በኪቼ ሀገረ ስብከት ካህናትና ምእመናን ሲገደሉ ጳጳሱ ሁዋን ኼራርዲ በ1980 ሀገረ ስብከቱን እስከ መዝጋት ደረሱ። በ2021 ብፅዕናቸው ከታወጀው አሥር የኪቼ ሰማዕታት መካከል ሦስቱ ካህናት ሲሆኑ ሰባቱ ምእመናን ነበሩ፤ አንዱ የ12 ዓመት ልጅ ነው።

በአቲትላን ሐይቅ ዳር ባለችው በሳንቲያጎ አቲትላን መንደር፥ ስታንሊ ሮዘር የተባለ ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጣ ካህን ነበር። የገበሬ ልጅ ነው፤ ላቲን አልገባ ብሎት ከመጀመሪያው ዘርአ ክህነት ተሰናብቶ ነበር። በ1968 ወደ አቲትላን ሲመጣ ግን ያ ላቲን ያቃተው ሰው ጹቱኺልን ተምሮ በእርሱ ቀደሰ፤ ሐዲስ ኪዳን ወደዚያ ቋንቋ በሚተረጎምበት ሥራም አገዘ። ከገበሬዎቹ ጋር ትራክተር ነዳ፤ በቤታቸው ቶርቲያ በላ። በጥር 1981 ስሙ ከሚገደሉት ዝርዝር ውስጥ መሆኑን ሰምቶ ወደ አገሩ ሸሸ፤ ለሰሞነ ሕማማት ግን ተመለሰ። ሐምሌ 28 ቀን ሌሊት በቤተ ካህናቱ ውስጥ ተገደለ። ቤተሰቡ አስከሬኑን ለመውሰድ ሲጠይቁ፥ የመንደሩ ሰዎች ልቡ ከእነርሱ ጋር እንዲቀር ለመኑ። ሥጋው በኦክላሆማ፥ ልቡ በአቲትላን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ብፅዕናው የታወጀው በ2017 ነው።

ጳጳስ ኼራርዲም ጦርነቱ ሲያበቃ ሰው እየላኩ፥ በማያ ቋንቋዎች ጭምር፥ ከ5,000 በላይ ምስክርነቶችን አሰባሰቡ። የጠያቂዎቹ ሥራ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነበር፤ ብዙዎቹ መስካሪዎች ስለ ሞቱባቸው ሰዎች ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና። ሰነዱ ሚያዝያ 24 ቀን 1998 በዋና ከተማው ካቴድራል ተነበበ። ከሁለት ቀን በኋላ ጳጳሱ በመኖሪያ ቤታቸው በኮንክሪት ቁራጭ ተቀጥቅጠው ተገደሉ።

ዛሬ በቺቺካስቴናንጎ ሐሙስና እሑድ ገበያ ነው። በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን 18 ደረጃዎች ላይ ሴቶች አበባ ይሸጣሉ፤ ሽማግሌዎች ኮፓል የተባለውን የዛፍ ሙጫ ያጤሳሉ፤ ጭሱ ከእኛ ዕጣን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በ2024 በቺያፓስ የሳን ክሪስቶባል ሀገረ ስብከት ለነባር ሕዝቦቹ ያቀረበውን የሥርዓተ ቅዳሴ ማስማሚያ ቫቲካን አጸደቀችው፤ የአምልኮ ጭፈራም ሴቶች የሚያጥኑበትም ሥርዓት በውስጡ አለ። ይህን ዜና ሰምተው የተደናገጡ ነበሩ። በከበሮ፥ በጸናጽልና በሽብሸባ ላደግን ግን አያስደነግጠንም።

የተማሪዎችን ጉዞ አልነቅፍም። ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ባሉባቸው በኬጻልቴናንጎና በሐይቁ ዳር መንደሮች፥ አንድ እንግዳ ተቀብሎ ማብላት ለብዙ ቤተሰብ ጥሩ ገቢ ነው፤ በሰው ምጣድ አጠገብ የቆመ ወጣትም ቢያንስ አንድ ነገር ያያል። ሆኖም ባለቤቶቹም የሚሉት አላቸው። አንዱን የክር ጫፍ ከምሰሶ ሌላውን ከወገባቸው አስረው ሑይፒል የሚባለውን ቀሚሳቸውን የሚሸምኑ የማያ ሴቶች፥ የመንደራቸውን ጥለት ሌሎች ያለ ፈቃዳቸው እየወሰዱ እንደሚነግዱበት ተናግረው በ2016 ለጓቲማላ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤት ብለዋል። የጠየቁትም ጥለታቸው የራሳቸው የጋራ ሀብት ተብሎ እንዲታወቅ ነው።

ያቺን እኅታችንን ባለፈው ዓርብ አገኘኋትና ከዚህ ሁሉ የተወሰነውን ነገርኋት። ስለ ኖራው ሲሆን «እናቴም ስለ እርሾ ብትጠየቅ ብዙ ነገር ታውቃለች» አለች። የአሮጊቲቱ ልጆች ወደ አሜሪካ መሄዳቸው ግን ሐሳቧን ይዞት ነበር፤ «እርስዋስ ናፍቆቷን ለማን ትናገራለች?» አለችኝ። ከዚያ የእንጨቶቹን ሰዎች ነገር ጀመርሁላት። ልብ ስለሌላቸው ጎርፍ እንደ ወረደባቸው፥ ከጎርፉም ጋር በቤታቸው ያለው ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ እንደ ተነሣባቸው፤ ወፍጮው በየቀኑ፥ ማለዳና ማታ ፊቴ ላይ ስትፈጩ ኖራችሁ እንዳለ፤ ውሾቹም የሚበሉት እንዳልተሰጣቸውና በዱላ እንደ ተባረሩ እንደ ተናገሩ።

እየሳቀች ቆይታ «ምጣዱስ ምን አለ?» አለችኝ።

ምጣዱና ድስቱ ያሉትንም ነገርኋት፤ አፋችንም ፊታችንም ጥቀርሻ ሆነ፥ ሁልጊዜ እሳት ላይ ጥዳችሁን ስታቃጥሉን የማያመን መስሏችሁ ነበር አሉ። እርስዋም አንድ ጊዜ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝና፥ አውቶቡሱ ሳያመልጣት ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።